ጣት ያልነካው ቃል

በናይሮቢ ሀብታም ሰፈር፣ በላቪንግተኑ ቤት፣ ስሟን የጠየቃት ሰው የለም። የበሩ ዘበኛ፣ አስካሪው፣ «ቲቸር መጣች» ብሎ ያስገባታል። ሠራተኛዋ «ቲቸር፣ ሻይ ላምጣ?» ትላታለች። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ውዴም ከሶፋቸው ሳይነሱ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ልታስተምሪያት ነው?» ይሏታል። ስም የላትም እንዴ ይቺ ሰው? አላት እንጂ! ሚዛን ትባላለች። ወይዘሮ ውዴ አንዲት ቀን ስሟን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አስካሪውን ጠርተው በሩን ከኋላዋ ባስዘጉባት ነበር። ግን ከኢስትሊ ሰፈር በማታቱ ታክሲ ተሳፍራ የምትመጣን አስተማሪ ስም መጠየቅ ለእሳቸው ከክብር መውረድ ነው። ይኸው ኩራታቸው ነው በኋላ ጉድ የሠራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚዛን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሐበሻ ልጆችን ፊደል ታስተምራለች። የወይዘሮ ውዴ ሴት ልጅ፣ ምርቃት የምትባለው ባንክ ቤት የምትሠራው፣ እዚያ አየቻትና «ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ፤ አማርኛ እንደ ወፍ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን ምንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየመጣሽ ብታስተምሪልኝ?» አለቻት። ሚዛን እሺ አለች። ምን ታውቃለች? የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አየች። በግራ ምርቃት፣ በቀኝ ወይዘሮ ውዴ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሚናስ።

ሚናስ! የዌስትላንድሱ ምግብ ቤት ባለቤት ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የወደደችው፣ እሷ ከምትሠራበት የጨርቅ ሱቅ በር ላይ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ መላው ኢስትሊን ያስቀና ሚናስ። የዛሬ ስድስት ዓመት አባቷ ሞያሌ ታመው ሲያስጠሯት፣ ቤተሰቧም «አንድ ጠያቂ አለሽ» ሲሏት፣ ነገሩ ለቴክስት የሚሆን አልነበረምና ቁጭ ብላ በወረቀት ጻፈችለት። ደብዳቤዋንም ምግብ ቤታቸው ሄዳ ለገንዘብ ተቀባይዋ ሰጠችው። ቀን ቀጠረች፤ ሰዓት ቀጠረች። አልመጣም። ስልኩን ስትሞክር ቁጥሯን ዘግቶታል። ሞያሌ ሄደች፣ አባቷን ቀበረች፣ ጠያቂውን እምቢ አለች፣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የወንድ ስም ሲነሳባት ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ያስፈራል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ነበር፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። «ይየኝ!» አለች በልቧ። «እዚሁ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ ይየኝና ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይጣ!»

ልጅቷ ግን ምን ታድርግ? ሐሊና ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የፊደል ገበታውን በዜማ ታስነካዋለች። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ!» እስከ መጨረሻው፣ ትንፋሽ ሳታጥር። ወይዘሮ ውዴ ከሶፋው ሆነው «አየሽልኝ? ጨርሳዋለች እኮ!» አሉ።

ሚዛን ከገበታው መካከል «ሜ»ን ነካች። «ይኼ ማነው?»

ሐሊና ወደ መጀመሪያው ተመልሳ «መ ሙ ሚ ማ…» እያለች ዘምራ ዘምራ ደረሰችበት። «ሜ!»

«ይኼ ዘፈን ነው የኔ ቆንጆ» አለች ሚዛን። «ንባብ ሌላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሕግ አለን፤ ጣት ያልነካውን ቃል አፍ አይጠራም። መገመት ክልክል ነው። ጣትሽን ከቃሉ ሥር ታደርጊያለሽ፣ ታዪዋለሽ፣ ከዚያ ትጠሪዋለሽ። እሺ?»

«ሳዋ፣ እሺ ቲቸር!» አለች ሐሊና። ሚዛን ልጅቷን ወደደቻት፤ መውደዷም አናደዳት።

ሚናስ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ከሞምባሳ መመለሱ ነበር። በሩን ከፍቶ «ሐሊናዬ!» ሲል ሚዛን የቃል ካርዶቿን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች ነበርና እጇ ባለበት ቀረ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። መጀመሪያ ፊቱ ነጣ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ሚዛን ኀፍረት ነበር የጠበቀችው፤ ያየችው ግን ቁጣ ነው። እንዴት ያለ ድፍረት ነው ይኼ? ጥፋተኛው እሱ፣ ተቆጪውም እሱ!

«አንክል፣ ና ካርድ እንጫወት!» ሐሊና የአጎቷን እጅ ይዛ ጎተተችው። «ቲቸር ካርድ ታወጣለች፣ እኔና አንተ እኩል እንጠራለን!»

ሊሸሽ ፈለገ፤ ልጅቷ አልለቀቀችውም። ሚዛን አንድ ካርድ አወጣች። ሐሊና «ዳቦ!» ስትል ሚናስም «ዳቦ» አለ። ሌላ አወጣች። «ላም!» «ላም።» ሦስተኛ አወጣች፤ አሁን ግን የምታየው ካርዱን ሳይሆን የሚናስን ዓይኖች ነበር። ካርዱ ላይ አልነበሩም፤ የልጅቷ አፍ ላይ ነበሩ። ከንፈሯን ይጠብቃል፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ተከትሎ ይጠራል። ሚዛን ይኼን ነገር ታውቀዋለች። እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ የጓደኛቸውን አፍ እያዩ ከክፍሉ ጋር አብረው የሚጮኹ ልጆች ስንቱን አይታለች!

ሐሊና ውኃ ልትጠጣ ሮጣ ስትሄድ ሚዛን አንድ ካርድ ወደ እሱ አዞረች። «ይኼንንስ?»

ሦስት ፊደል ነው። ድመት። ሚናስ ካርዱን አየ፣ በሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ጊዜ የለኝም» ብሎ ተነሳ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

አንድ ባንድ ትዝ አላት። ምግብ ቤት ሲገቡ ዝርዝሩን ሳያይ «አንቺ ምረጪ» ማለቱ፤ ቴክስት ሲልክላት ሁልጊዜ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉ፤ የልደት ካርድ ስትሰጠው ከፍቶ ስሞ ኪሱ መክተቱ። ወይ ጉድ! እንዴት ሳታስተውል ቀረች?

መኪናው ጋ ደረሰችበት። «ሚናስ፣ አማርኛ ማንበብ አትችልም።»

ዞር ብሎ አላያትም። «ናይሮቢ ስንመጣ አምስት ዓመቴ ነበር። እዚህ ማን ያስተምረኛል? አንቺ ስትጽፊ፣ ስታነቢ እያየሁ እንዴት ብዬ ነው አልችልም የምልሽ?»

«ደብዳቤዬስ?»

«ደብዳቤሽን ሰምቼዋለሁ!» አለ በምሬት። «ቃል በቃል ነው የያዝኩት።»

«ሰምቼዋለሁ? ከማን አፍ?»

«ከእማዬ። አንብቢልኝ አልኳት፣ አነበበችልኝ። ‹ሚናስ፣ ከአንተ ጋር የቆየሁት ለመኖሪያ ወረቀት ብዬ ነበር። ሞያሌ የሚያገባኝ ሰው አለ። አትፈልገኝ።› ስድስት ዓመት ነው ሚዛን! ሌሊት ስነቃ ሁሉ የሚጮህብኝ እሱ ነው!»

ሚዛን የመኪናውን በር ይዛ ቆመች። የጠላችው እሱን ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የረገመችው እሱን ነበር። ለካ ሁለታቸውንም ያረደች አንዲት አፍ ናት፤ እሷም አሁን ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች!

«እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም» አለች በመጨረሻ። «ደብዳቤው የት አለ?»

ቦርሳውን ከኪሱ አወጣ። አራት ቦታ የታጠፈች፣ ጠርዟ ያለቀ ወረቀት። «እማዬ አቃጥለው ብላኝ ነበር። ስሰድበው ስሰድበው፣ ላቃጥለው ስል አቃተኝ።»

«ስጠኝ፣ አሁኑኑ ላንብብልህ!»

እጁን ሰበሰበ። «ያኔ እማዬ አነበበችልኝ፤ ዛሬ ደግሞ አንቺ። ወረቀቱ ያው፣ እኔም ያው ዕውር። ማናችሁን ልመን?»

«ሌላ ሰው አስነብበዋ!»

«ማንን? ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ የእማዬ ደንበኛ ነው። በማግሥቱ ዌስትላንድስ ምግብ ቤታችን ቁርስ ላይ ያወራዋል።»

አላመናትም። ከፊቱ ቆማ፣ በገዛ እጇ የጻፈችውን ደብዳቤ ይዞ፣ አላመናትም። ከሁሉም የበለጠ ያቃጠላት ይኼ ነበር።

ኢስትሊ ስትደርስ በቀጥታ ወደ ኩለሱም ሱቅ ገባች። ኩለሱም የሱቁ ባለቤት ናት፤ የሚዛን አሠሪም፣ አከራይም፣ ምሥጢረኛም እሷው። ሁሉንም ሰማችና የምትለካውን ጨርቅ ወረወረችው። «ወላሂ እኔ ብሆን ጸጉሯን ይዤ ነበር የማዞራት! ልጄ የኔ ብቻ ነው ብላ የሰው ዕድሜ ትብላ?»

«ጸጉሯን ምን ያደርግልኛል?» አለች ሚዛን። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «በአፏ ነው የገደለችኝ፤ በአፏ ነው የምይዛት። ሰው በተሰበሰበበት፣ ልጇ በቆመበት፣ ደብዳቤዬ ይነበባል።»

«ማን ያነበዋል? እሱ አይችል፣ አንቺን አያምን!»

«ሐሊና።»

ኩለሱም ቀስ ብላ «ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» አለች።

«ምንም። ለማንም የማታዳላ አፍ ያላት እሷ ብቻ ናት።»

«እንግዲህ ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው እህቴ። የሚገባበት አይታወቅም።»

ሚዛን ክፍሏ ገብታ መቀስና ካርቶን አወጣች። ደብዳቤዋን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ያልተመለሰ ደብዳቤ አይረሳም። ከውስጡ ቃላቱን አንድ ባንድ መዝዛ፣ በትልልቁ እየጻፈች ካርድ ሠራች። አባቴ። ሐሙስ። አሥር ሰዓት። አውቶቡስ። እምቢ። መልስ። ያች ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስድስት ዓመት ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኛች። በቀል ሥራ ሲያገኝ እንዲህ ያረጋጋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በየቅዳሜው አምስት ቃል። ካርዱን ታሳያለች፣ ትሸፍናለች፣ ትገልጣለች። ሐሊና በመልኩ እስክትለየው ድረስ ከሌሎች ጋር ትቀላቅለዋለች። ልጅቷ ቃሎቹን በቤቱ ውስጥ መፈለግ ጀመረች። ማቀዝቀዣው ላይ «እምቢ» ለጥፋ አትክልት ብይ ሲሏት በጣቷ ታሳያለች። ወይዘሮ ውዴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቲቸር፣ አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ!» አሏት አንድ ቀን። ሚዛን አንገቷን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች። ገና መች አዩና!

ሚናስም ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ዳር መቀመጥ ጀመረ። «ሐሊናን ሆምወርክ ላግዛት» ይላል፤ አጋዥዋ ግን እሷ ነበረች። «አንክል፣ ጣትህን!» ትለዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰውዬ ጣቱን ከቃሉ ሥር ያደርጋል፤ ይሳሳታል፤ ጆሮው ይቀላል፤ እንደገና ይሞክራል። አንዳንዴ ካርድ ሲቀባበሉ ጣታቸው ይነካካል። ሚዛን ቶሎ ትሰበስባለች፤ የተሰበሰበችው እጅ ግን እስከ ማታ ይሞቃታል። አንድ ቀን «አባቴ» የሚለውን ብቻውን አንብቦ ቀና ሲል እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ! እሷ ፊቷን አዞረች፤ የገዛ ልቧ ልትከዳት ነው።

አምስት ወር አለፈ። ወይዘሮ ውዴ አዋጅ አወጡ። የሐሊና ሰባተኛ ልደት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ይከበራል፤ ዘመድ፣ ደንበኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ይጠራል። «እንግሊዝኛ ማንበብማ ማንም ያነባል፤ የኔ የልጅ ልጅ በሰው ፊት አማርኛ ታነባለች! ቲቸር፣ ታዘጋጂያታለሽ አይደል?»

«አዘጋጅቻታለሁ» አለች ሚዛን።

ለሚናስ በሩ ላይ «የልደቷ ቀን ደብዳቤውን ይዘህ ና። የማታዳላ አፍ ታነብልሃለች» አለችው።

ገባው። «እኔስ? አምስት ወር እኮ ተምሬያለሁ…»

«አንተ ገና ነህ።»

እንደሚያመው አውቃ ነው ያለችው። በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ገባ። እሷም ማታቱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ፣ ለምን እንደምታለቅስ ሳታውቅ እስከ ኢስትሊ አለቀሰች።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ወይዘሮ ውዴ በሐበሻ ቀሚስ አጊጠው ከመካከል ተቀምጠዋል፤ የዕለቱን ክብር ለማንም አላካፈሉም። ሐሊና ትንሽ መጽሐፍ ይዛ ቆመች። ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ስለ አንዲት ላም የሚያወራውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። እልልታው ቀለጠ።

«ሌላ! ሌላ ጨምሪ!» አሉ ወይዘሮ ውዴ። በገዛ አፋቸው!

ሚናስ ወደ ሚዛን መጥቶ ያችን አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ሰጣት። ሚዛን ዘርግታ ሐሊና ፊት አስቀመጠችላት። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ደቂቃ ይኼ ነው።

ሐሊና ወረቀቱን አየችና ዓይኗ በራ። «ቲቸር!» አለች። «ይኼ እኮ የኔ ቃሎች ናቸው! ሁሉም የኔ ናቸው! ሰርፕራይዝ ነው?»

ሚዛን ደነገጠች። ልጅቷ ስጦታ መስሏታል። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አድርጋ «ሚ… ናስ» አለችና ለአጎቷ ፈገግ አለችለት። «አባቴ…»

ሚዛን መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። አልቻለችም። በዚህች ልጅ አፍ አያቷን ታዋርድ? ነገ መጽሐፍ ባየች ቁጥር ይቺን ቀን ልታስታውስ? የኩለሱም ጉድጓድ ከፊቷ ተከፍቶ ነበር፤ ዳሩ ላይ የቆመችውም ሐሊና ናት።

በቀሏን ግን አልተወችም። ወረቀቱን አንስታ በቀጥታ ወይዘሮ ውዴ ጋ ሄደች። «እትዬ፣ ይኼንንስ እርስዎ ያንብቡላት። ከዚህ በፊት አንብበውታል፤ አይከብድዎትም።»

ወይዘሮ ውዴ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ። ወረቀቱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ አስተማሪዋን ገና ዛሬ እንዳገኟት ሰው አዩአት።

«ስምሽ… ስምሽ ማነው አንቺ?»

«ሚዛን።»

አምስት ወር ሙሉ ሳይጠየቅ የቆየ ስም በአንድ ቃል ወጣ። ወይዘሮ ውዴ ወረቀቱን ሊያጥፉት ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ያንብቡልን እንጂ እትዬ ውዴ!» አሉ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ምን ያድርጉ? ጉሮሯቸውን ጠረጉና «‹ውድ የልጅ ልጄ ሐሊና፣ እንኳን ለልደት ቀንሽ አደረሰሽ። እደጊ፣ ተመንደጊ…›» እያሉ ቀጠሉ። አቤት ያነባበባቸው ማማር! ያኔም እንዲህ አሳምረው ይሆናል ያነበቡት።

ሐሊና ወንበራቸው ላይ ወጥታ በትከሻቸው በኩል አጮለቀች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«እማማ፣ እንደሱ አይልም።»

እንግዳው ሳቀ። «ዝም በይ የኔ እናት፣ እያነበብኩ ነው» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

«ኖ እማማ! ጣትሽን አላደረግሽም! ጣት ያልነካውን አፍ አይጠራም!» ትንሿን ጣቷን ሰደደች። «ይኼ ‹አባቴ› ነው የሚለው። ይኼ ‹ሐሙስ›። ይኼ ‹አውቶቡስ› ነው። ልደት የሚል ቃል የለም እኮ! ለምን ትገምቻለሽ?»

ሳቁ ቆመ። ሚናስ መጥቶ ቀስ ብሎ ወረቀቱን ከወይዘሮ ውዴ እጅ ወሰደው፤ ጣቱንም ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገ።

«ሚናስ… አባቴ… ታሟል። ጠያቂም… መጥቶብኛል። ሐሙስ በ… አሥር ሰዓት… ወደ ሞያሌ… እሄዳለሁ።» ላቡ ይንጠባጠባል። የሚረዳው አልነበረም፤ ሚዛን እንኳ ትንፋሿን ይዛ ነበር። «አውቶቡሱ… ስቴጅ… እጠብቅሃለሁ። አንተ… ከመጣህ… ለጠያቂው… እምቢ… እላለሁ። ካልመጣህ… ዝምታህን… እንደ መልስ… እቆጥረዋለሁ።»

ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደረሰ። አንድ ፊደል ብቻ ናት። ጣቱን ከሥሯ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ና።»

ካርዶቹ ሁሉ፣ አምስት ወር ሙሉ የለፋባቸው ቃላት ሁሉ፣ ከየት እንደ መጡ አሁን ገባው። ወረቀቱን እናቱ ጉልበት ላይ ዘረጋው።

«እማዬ፣ ‹የመኖሪያ ወረቀት› የሚለው የት ጋ ነው? አሳዪኝ። በጣትሽ።»

የወይዘሮ ውዴ ጣት ወረቀቱ ላይ ወረደ። ከላይ እስከ ታች ተንከራተተ። የሚያርፍበት አላገኘም። ይኼ ነበር የሚዛን በቀል፤ ከዚህ የበለጠ ልትመኝ አትችልም ነበር። ያች ቀለበት የሞላባት ጣት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃል አጥታ ስትንከራተት አየች፤ ጠጣችው፤ ጠገበችው።

«ልጄን ይዛብኝ ትሄዳለች ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ውዴ ሹክ እንደማለት። «ከኢስትሊ ኪራይ ቤት የመጣች… ምን ላድርግ፣ እናት ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«ስድስት ዓመቴን ነው የበሉት እትዬ» አለች ሚዛን። «ይቅር የምልበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ዛሬ ግን አይደለም።»

ዞር ስትል ሐሊና ፊት ለፊቷ ቆማለች። «ቲቸር፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

ሚዛን ተንበረከከች። «አንድም ቃል አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ። አንድም።»

ሐሊና ግን ያመነቻት አልመሰለም። ያችን የምታነብባትን ጣቷን ጨብጣ ከጀርባዋ ደበቀቻት። ሚዛን ይኼንን አየች። የጠገበችው ሁሉ መረራት።

ሚናስ ድንኳኑ በር ላይ ደረሰባት። «ሚዛን! መልሴን ስሚልኝ…»

«አልሰማም» አለች እንባዋ እየወረደ። «መስማት ነው ለዚህ ያበቃን። መልስ ካለህ ጻፈው፤ ራስህ፣ በገዛ እጅህ።»

ሐሙስ ዕለት በአሥር ሰዓት ሚዛን ኢስትሊ የሞያሌ አውቶቡስ በሚነሳበት ስቴጅ ቆማ ነበር። ለራሷ «የኩለሱምን ጨርቅ ልጭን ነው» ብላለች። ጨርቁ ከተጫነ ግን ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ኩለሱም «ምነው ቆየሽ?» ብላ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሳችም።

አዎ፣ ቂሟ እዚያው ነው። ወይዘሮ ውዴን ስታስብ አሁንም ጥርሷን ትነክሳለች። ሌሊት ሌሊት ግን የሚመጣባት የእሳቸው ፊት አልነበረም፤ የተጨበጠች ትንሽ እጅ ናት።

«ቲቸር!»

በማታቱዎቹ መካከል ሐሊና አጎቷን እየጎተተች መጣች። ሚናስ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዟል። ሳይናገር ዘረጋላት። አንድ ቃል ናት፤ ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስላል። ብዙ ጊዜ ተፍቆ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች ሐሊና። «አምስት ቀን ፈጀበት። ዝም ብሎ ይሳሳታል!»

ሚዛን ልትስቅ ብላ አቃታት። ወረቀቱን መለሰችለት። «አንብብልኝ።»

ሚናስ አፉን ሊከፍት ሲል ሐሊና «አንክል!» ብላ ጮኸች። የተጨበጠችው እጅ ተከፈተች። ትንሿ ጣት የትልቁን ጣት ያዘችና ከቃሉ ሥር አስቀመጠችው።

«መጣሁ» ብሎ አነበበ ሚናስ።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ የሞያሌው አውቶቡስ ተንቀሳቀሰ። ሚዛን ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። አውቶቡሱ ሲያልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።